ሳይራቡ ክብደት መቀነስ፦ መሶባችንና የደማችን ስኳር

   የዛሬው ርእሳችን የመስጂድ ሳይሆን የማድቤት ጉዳይ ሊመስላችሁ ይችላል። ነገሩ የተጀመረው ግን መስጂድ በር ላይ ነው።

እዚሁ ሐይቅ ከተማ፣ ከጁሙዓ ሰላት በኋላ፣ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው አንዲት እናት በሴቶች መውጫ በኩል ጠብቀው አስቆሙን። «ሸኽ፣ ሐኪሙ ስኳር አለብዎት፤ ክብደት ይቀንሱ፣ ምግብ ይቀንሱ አለኝ። እኔ በሰባ ሰባት አላህ ያተረፈኝ ሰው፣ የበኩር ልጄን በረሃብ የቀበርኩ ሰው፣ ዛሬ እህል ቤቴ ውስጥ እያለ በገዛ እጄ ልራብ?» አሉን። እኛም ፈጠን ብለን «እናቴ፣ የሐኪም ቃል ይሰማል፤ ሰብር ያድርጉ» አልናቸው። «እሺ ልጄ» ብለው ሄዱ። ማታ ስናስበው ግን መልሳችን መልስ እንዳልነበረ ገባን። እኚህ እናት የጠየቁን ስለ ሰብር አልነበረም። «ምግብ ቀንሱ» የሚለው ቃል በወሎ ምድር ምን ያህል ከባድ ቃል እንደሆነ ነበር የነገሩን።

በሚቀጥለው ቀጠሯቸው አብረናቸው ወደ ጤና ተቋሙ ሄድን። ነርሷ የእሳቸውን ስትጨርስ «እርስዎስ ሸኽ፣ ተመርምረው ያውቃሉ?» አለችን። ቁርስ ሳንበላ ስለነበር ጣታችንን ሰጠን። መሣሪያው 114 አሳየ። በባዶ ሆድ የሚለካ የደም ስኳር በዴሲ ሊትር ከ100 ሚሊ ግራም በታች ሲሆን ጤናማ ነው። ከ100 እስከ 125 ያለው ወደ በሽታው የሚያመራ መንገድ ላይ መሆንን ያመለክታል። 126ና ከዚያ በላይ ሆኖ በሌላ ቀን ሲደገምም እንዲያው ከሆነ የስኳር በሽታ ይባላል። ለካ ለሰው የመከርነው ነገር ለራሳችን ኖሯል። ሚንበር ላይ ስንወጣ ቦርጫችንን ጀለቢያው ይሸፍነዋል፤ ደም ግን የሚሸፍነው የለም።

ውድ አድማጮቻችን፣ በእኛ አገር «ወፈርክ፣ ማሻአላህ!» ምርቃት ነው። «ከሳህ፣ ምነው?» ደግሞ ሐዘን ነው። ይህ ያለ ምክንያት አልመጣም። በ1965 እና 66፣ ኋላም በ1977 ዓ.ም. በወሎ የደረሰው ረሃብ የዓለም ሕዝብ ያየው ነው። ከአምባሰል ተራሮች ወርደው በደሴና በወልዲያ መንገድ ዳር የቀሩትን የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬም በመካከላችን አሉ። ስለዚህ በዚህ አገር ስለ ውፍረት ጉዳት የሚናገር ሰው በቅድሚያ ይህንን ማክበር አለበት።

ነገር ግን ይኸው የረሃብ ታሪክ ራሱ ከስኳር በሽታ ጋር ይገናኛል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ፣ በ1944 እና 45 (እ.ኤ.አ.) ክረምት፣ ሆላንድ ውስጥ ከባድ ረሃብ ገብቶ ነበር። በዚያ ጊዜ በእናታቸው ማህፀን የነበሩ ሰዎች አምሳ ዓመት ገደማ ሲሞላቸው ተመረመሩ። ከረሃቡ በፊት ከተወለዱት ወይም ከረሃቡ በኋላ ከተፀነሱት ይልቅ የእነርሱ ሰውነት ስኳርን ማስተናገድ እንደሚያዳግተው ታየ፤ ውጤቱም በ1998 (እ.ኤ.አ.) ታተመ። ሊቃውንቱ እንደሚያስረዱት በማህፀን ሳለ እጦትን የለመደ ሰውነት ያገኘውን ቆጥቦ ማስቀመጥን ይማራል። ኋላ ጥጋብ ሲመጣ ያ ቁጠባ ወደ ሆድ ስብ ይለወጣል። በ1977 ማህፀን ውስጥ የነበሩት ልጆች ዛሬ አርባ ዓመት አልፏቸዋል። እኛም የዚያ ዘመን ልጆች ነን። ይህ ሁላችንም እንታመማለን ማለት አይደለም። ከሌላው ይልቅ መጠንቀቅ ይገባናል ማለት ግን ነው።

ጥጋቡ ደግሞ በምን መልክ መጣ? ከሐይቅ፣ ከውጫሌ፣ ከማርዬ ስንት እህቶቻችን ወደ ዐረብ አገር እንደሄዱ እያንዳንዱ ቤት ያውቀዋል። አላህ ድካማቸውን ይቁጠርላቸው። በላባቸው ቤት አሠርተዋል፣ ወንድም አስተምረዋል። ከገንዘቡ ጋር ግን የምግብ ልማድም መጣ። ሩዙ፣ መኮሮኒው፣ የፉርኖ ዳቦው፣ በጀሪካን የሚገዛው ዘይት፣ በካሳ የሚገባው ለስላሳ የክብር ምልክት ሆነ፤ ንፍሮና ቆሎ ደግሞ የድህነት። እህቶቻችን የሚሠሩባት ኩዌት እንደ ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን የ2021 (እ.ኤ.አ.) ግምት ከአዋቂዎቿ ሩብ ያህሉ የስኳር ሕሙማን ናቸው። ከጎንደር ወደ እስራኤል የተጓዙት ቤተ እስራኤላውያንም ሲገቡ በሽታው እምብዛም አይታይባቸውም ነበር። ጥቂት ዓመታት እዚያ ኖረው ምግባቸውና የእግር ጉዟቸው ሲለወጥ ግን ወጣቶቻቸው ሳይቀሩ ይታመሙ ጀመር። ደሙ ያው የሐበሻ ደም ነው፤ የተለወጠው ማዕዱ ነው።

አሁን ነገሩን ከሥሩ እንየው። ብዙ ሰው የስኳር በሽታ የሚመጣው ስኳር በመላስ ብቻ ይመስለዋል። እንጀራም፣ ዳቦም፣ ሩዝም፣ ድንችም ሆድ ውስጥ ሲፈጭ መጨረሻው ስኳር ሆኖ ወደ ደም ይገባል። ከጨጓራችን ጀርባ ያለው ቆሽት ኢንሱሊን የተባለ ንጥረ ነገር ያመነጫል። ኢንሱሊንም ስኳሩን ከደም አንስቶ ወደ ጡንቻና ወደ ጉበት ያስገባዋል። በሆድ ዙሪያ፣ በተለይም በጉበትና በቆሽት ላይ ስብ ሲከማች ሰውነት የኢንሱሊንን ትእዛዝ መስማት ይቀንሳል። ቆሽት ይበልጥ ያመነጫል፤ ይበልጥ ይለፋል፤ ውሎ አድሮ ይደክማል። ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ይኸው ነው። ብዙውን ጊዜ በልጅነት ወይም በወጣትነት የሚጀምረው አንደኛው ዓይነት ግን የተለየ ነው። እርሱ ኢንሱሊን በመርፌ ካልተወሰደለት ይገድላል፤ በምግብ ብቻ አይያዝም። ማንም ሰው «ዱዓ አድርጌልሃለሁ፣ መርፌህን ጣል» ቢላችሁ አትስሙት፤ እኛም ብንሆን።

በ2002 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ይፋ የሆነ አንድ ትልቅ ጥናት እንደ እኛ 114 ዓይነት ስኳር የነበራቸውን ከ3,200 በላይ ሰዎች ሦስት ዓመት ያህል ተከታትሏል። ከክብደታቸው ከመቶ ሰባቱን እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ በእግር እንዲንቀሳቀሱ የተረዱት ሰዎች ወደ በሽታው የመግባት ዕድላቸው በ58 ከመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የተሰጣቸው በ31 ከመቶ ነው የቀነሰላቸው። ከመቶ ሰባት ማለት ሰማንያ ኪሎ ለሚመዝን ሰው አምስት ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። ይህ ከሲታ መሆን አይደለም፤ ቀበቶን አንድ ወይም ሁለት ቀዳዳ ማጥበቅ ነው። በ2017 (እ.ኤ.አ.) ብሪታንያ ውስጥ በወጣ ጥናት ደግሞ ከታመሙ ስድስት ዓመት ካልሞላቸው ሕሙማን መካከል 15 ኪሎና ከዚያ በላይ የቀነሱት፣ ከአሥሩ ከስምንት በላይ የሚሆኑት፣ በዓመቱ ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከበሽታ ደረጃ በታች ወርዶ ተገኝቷል። ይህ የተደረገው በሐኪም ክትትል መሆኑን ልብ በሉ።

እንግዲህ እናታችን «ልራብ ወይ?» ሲሉ ማለት የነበረብን «የለም፣ አይራቡም፤ መሶብዎ ውስጥ ያለውን ቦታ ያቀያይሩ» ነበር። ትምህርት ቤት ሳለን ምግብን ኃይል ሰጪ፣ ገንቢና በሽታ ተከላካይ ብለው በሦስት ከፍለው አስተምረውናል። የእኛ መሶብ በኃይል ሰጪው ሞልቷል። ገንቢው መሐሉ ላይ በጭልፋ ጠብ ይላል፤ በሽታ ተከላካዩ ጎመን ደግሞ እንግዳ ነው። በ2007 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደው ተላላፊ ስላልሆኑ በሽታዎች ጥናት ከሞላ ጎደል ሁሉም አዋቂ ኢትዮጵያዊ የሚመከረውን ያህል አትክልትና ፍራፍሬ እንደማይበላ ታይቷል።

ስለ እንጀራ ክፉ ልንናገር አልተነሣንም። መቶ ግራም የጤፍ ዱቄት 13 ግራም ያህል ፕሮቲንና 8 ግራም ያህል አሰር አለው፤ ብረትና ካልሲየሙም ከነጭ የስንዴ ዱቄት ይበልጣል። አሰር የምንለው ሆድ የማይፈጨው የእህል ገለባማ ክፍል ነው። ስኳሩ ወደ ደም በዝግታ እንዲገባ ያደርጋል፤ ሆድንም ቶሎ አያስርብም። ችግሩ ያለው መጠኑ ላይ ነው። አንድ ሙሉ የምጣድ እንጀራ ከሦስት መቶ ግራም በላይ ሊመዝንና መቶ ግራም ያህል ኃይል ሰጪ ሊይዝ ይችላል። በአንድ ገበታ ሁለት እንጀራ የሚበላ ጎልማሳ ደግሞ በየቤቱ አለ። እርሻ ለሚያርስ፣ ከአምባሰል ቆላ እስከ ደጋው በእግሩ ለሚወጣ ሰው ይህ ተቃጥሎ ያልቃል። ሱቅ ውስጥ ለሚቀመጥ፣ መስጂድ ለመሄድ እንኳ ባጃጅ ለሚሳፈር ሰው ግን የት ይሄዳል? «ጤፍ ትቼ በማሽላ ተካሁ» የሚሉ ሕሙማንም አሉ። ማሽላም እህል ነው፤ መጠኑ ካልተቀነሰ ስሙን መቀየር ብቻ ነው።

በእኛ ቤት ያደረግነው እንዲህ ነው። እንጀራውን በግማሽ ቀነስን፤ ወጡን እጥፍ አደረግን። ባለቤታችን መጀመሪያ «ሰው ቢያይ ምን ይላል?» አለች። ወጡ ግን ቀጭን መረቅ አይደለም። ድፍን ምስር፣ ባቄላ፣ አተር፣ ወይም የሽንብራ ወጥ ነው። መቶ ግራም የተቀቀለ ምስር 9 ግራም ያህል ፕሮቲንና 8 ግራም ያህል አሰር ሲኖረው ጉልበቱ 116 ካሎሪ ብቻ ነው። እፍኝ የማይሞላ ብስኩት ከዚያ በላይ ካሎሪ አለው፤ ከሰዓት በኋላ ግን መልሶ ያስርባል። አንድ ጭልፋ ምስር፣ አንድ ጭልፋ ጎመን፣ ከዚያ እንጀራው። ቅደም ተከተሉም ራሱ ይረዳል። አትክልቱንና ገንቢውን አስቀድሞ፣ እህሉን አስከትሎ የበላ ሰው ከምግብ በኋላ የሚወጣው ስኳር ዝቅ እንደሚል ጥናቶች አሳይተዋል። በጋራ ትሪ ስንበላ የእያንዳንዱ ድርሻ ስለማይታወቅ፣ ሕመም ያለበት ሰው ድርሻውን ከመነሻው ቆርጦ ፊቱ ቢያኖር ነውር የለውም።

ለቡና ቁርስም ወደ አያቶቻችን እንመለስ። የሽንብራና የባቄላ ንፍሮ፣ አንድ እፍኝ የገብስ ቆሎ፣ ከድፎ ዳቦና ከብስኩት ይበልጣል። በደቡብ ወሎ ቆላ የሚመረተው ማሾ አብዛኛው ለውጭ ገበያ ይጫናል። ሕንዶች ወጥ አድርገው የሚበሉትን እኛ ሸጠን መኮሮኒ እንገዛበታለን። ይህ እንደው በመንገዳችን ላይ ያገኘነው ትዝብት ነው።

ስለ ዱቄቱ አንድ ነገር እናክል። ሱሓባው ሰህል ኢብን ሰዕድ (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፉትና ቡኻሪ እንደዘገቡት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከተላኩበት ጊዜ እስካለፉበት ቀን ድረስ ተነፍቶ የነጣ ዱቄት አላዩም። ገብሱ ይፈጫል፣ ገለባው በትንፋሽ ይበናል፣ የቀረው ይቦካል። እኛ ደግሞ ዛሬ ፉርኖ ካልሆነ ለእንግዳ አናቀርብም። ከነገለባው የተፈጨ ስንዴና ገብስ ለደማችን የሚሻል መሆኑን የሕክምና ሰዎች ሲነግሩን፣ ከሱና ቤት የወጣ ምክር መሆኑ አይደንቃችሁም?

ዘይትንም ማየት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል አለው፤ ከአንድ ጭልፋ ምስር ጋር እኩል ማለት ነው። ማድቤት ገብተን ስናይ ዘይቱ የሚፈሰው በማንኪያ ሳይሆን በዓይን ግምት ነው። ሽንኩርቱ በውሃ በስሎ ዘይቱ ኋላ በማንኪያ ተለክቶ ቢገባ ጣዕሙ አይሸሽም። የወጥ ሠሪዎቹን እጅ ለመተቸት አይደለም፤ ወንዶቹ ነን «ዘይት አነሰው» እያልን ያስለመድናቸው።

በሐይቅ የምንኖር ሰዎች ደግሞ አላህ ደጃችን ላይ ያኖረልን አንድ ጸጋ አለ። መንገደኛ ከደሴ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል መጥቶ ዓሣ ሊበላ ይወርዳል፤ የከተማው ሰው ግን ዓሣን የእንግዳ ምግብ አድርጎታል። መቶ ግራም ጥሬ የቆሮሶ ሥጋ ከመቶ ካሎሪ ባነሰ ጉልበት 20 ግራም ያህል ፕሮቲን ይሰጣል። ስኳር የለበትም፤ ስቡም ጥቂት ነው። ነገር ግን ዱቄት ነስንሰን በጥልቅ ዘይት ስንጠብሰው የነበረው ትርፍ ይጠፋል። በሽንኩርትና በቲማቲም ለብለብ ማድረግ፣ ወይም በሎሚና በሚጥሚጣ አሽቶ በጥቂት ዘይት መጋገር ይሻላል። ሌላም መልካም ነገር አለው። በወሎ እስላሙና ክርስቲያኑ ሥጋ ለየብቻ ይበላል። ዓሣ ግን እርድ ስለማይሻ ጎረቤቶች በአንድ ትሪ የሚቀርቡበት ምግብ ነው። ለልደትም ለሠርግም ከቀይ ወጥ ጎን ቢቀመጥ ማን ይቀየማል?

አሁን ወደ ጣፋጩ እንምጣ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በቀን ከስድስት የሻይ ማንኪያ ያልበለጠ የተጨመረ ስኳር ቢሆን እንደሚመረጥ ገልጿል። የእኛን እንቁጠር። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ በየሲኒው ሁለት ማንኪያ ስኳር። ጠዋትና ከሰዓት ሁለቴ ሲፈላ አሥራ ሁለት ማንኪያ ሆነ። ሻዩ ገና አልተቆጠረም። አንድ ትንሽ ጠርሙስ ለስላሳ ብቻውን ስምንት ማንኪያ ያህል ስኳር አለበት። ጫት የሚቅሙ ወንድሞቻችን ደግሞ ቀኑን ምግብ ሳይቀምሱ ይውሉና በለስላሳና በስኳር ሻይ ያወራርዱታል፤ ሌሊት ላይ ደግሞ የቀኑን ሁሉ አንድ ላይ ይበላሉ። ለስኳር ሕመምተኛ ከዚህ የከፋ አበላል ለማግኘት ይቸግራል። ድሮ እናቶቻችን ቡናውን በጨው ይጠጡት ነበር። ለስኳሩ መልካም ነበር፤ የደም ግፊት ላለበት ግን ጨውም አይበጅም። ቡናን ባዶውን መልመድ ሁለት ሳምንት ያህል ያስቸግራል፤ ከዚያ በኋላ ጣፋጩ ነው የሚከብደው። ከራሳችን ነው የምንነግራችሁ።

ማር ላይ ጥያቄ ይበዛብናል። «በቁርኣን ፈውስ ተብሏል፤ ስለዚህ ለስኳር ሕመምተኛ አይከለከልም» የሚሉ አሉ። በአን-ነሕል ምዕራፍ የተጠቀሰውን ፈውስነት እናምናለን። ይሁንና ፈውስ የሆነ ነገር ሁሉ ለሁሉም ሰው፣ በማንኛውም መጠን ነው አልተባለም። ማር ከስኳር ጋር የሚቀራረብ ስኳር አለው፤ በማንኪያ ሲበላ የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል። መርፌ የሚወጋ ሰው በብርጭቆ ማር ጠጥቶ ሲታመም በዲኑ ላይ ሐሜት ያመጣል። አብሽም እንዲሁ ነው። በውሃ ተዘፍዝፎ ቢጠጣ አሰሩ ስኳርን በመጠኑ ለማርገብ እንደሚረዳ ይነገራል፤ እኛ ግን ማር ጨምረንበት እንጠጣዋለን። መድኃኒትን የሚተካ አይደለም።

ረመዳን ላይ ስንደርስ አንድ ጥፋታችንን ልንናገር ይገባናል። በአንድ ረመዳን፣ ከዐስር ሰላት በኋላ፣ የጀመዓችን አንድ አባት መስጂድ ውስጥ ወደቁ። ላብ አጥምቋቸዋል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ቃላቸው ይጎተታል። ልጃቸው «ስኳር አለበት፤ ግሊቤንክላማይድ ይወስዳል» አለን። በሱሑር ከወትሮው ያነሰ በልተው ኪኒኑን ግን እንደወትሮው ውጠዋል። ውሃ በስኳር በጥብጠን አጠጣናቸው፤ አልሐምዱሊላህ፣ ነቁ። ሲነቁ አለቀሱ። «ፆሜን አስፈታችሁኝ» አሉን። ያን ጊዜ እኛ አፈርን። ሸዕባንን ሙሉ የፆምን ትሩፋት ስንሰብክ ከርመን ነበር፤ አላህ ለታማሚ የሰጠውን ፈቃድ ግን አንድ ቀን እንኳ አላነሣንም። በአል-በቀራ ምዕራፍ የፆም ግዴታ በተነገረበት ቦታ ላይ ነው የታማሚውም ፈቃድ አብሮ የተነገረው። ሕመሙ የሚያልፍ ከሆነ በሌላ ቀን ይከፍላል፤ የማይድንና ፆም የሚጎዳው ከሆነ ስለ እያንዳንዱ ቀን አንድ ሚስኪን ያበላል። ፈቃዱን መቀበል የኢማን ድካም አይደለም።

ስለዚህ ስኳር ያለባችሁ ሁሉ ረጀብ ላይ፣ ረመዳን ሊገባ ስድስት ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ ሐኪማችሁን አማክሩ። መድኃኒቱም ሰዓቱም ሊቀየር ይችላል። በቀን ብዙ ጊዜ ኢንሱሊን የሚወጉ፣ በቅርብ ወራት ስኳር ወርዶባቸው ራሳቸውን የሳቱ፣ ኩላሊታቸው የተጎዳ፣ ነፍሰ ጡር ሆነው ስኳር ያለባቸው ሰዎች እንዳይፆሙ ሐኪሞች ይመክራሉ። በፆም ቀን ስኳራችሁ ከ70 በታች ቢወርድ ወይም ከ300 በላይ ቢወጣ ፆሙን መፍታት ነው፤ መግሪብ እስኪደርስ መጠበቅ አይገባም። ጣትን ወግቶ መለካት ፆም እንደማያፈርስም እወቁ። በ1997 (እ.ኤ.አ.) ጅዳ ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ ለምርመራ ደም መስጠትም፣ በቆዳና በጡንቻ የሚሰጥ ምግብ ያልሆነ መርፌም ፆም አያስፈታም ሲል ወስኗል።

ለሚፆመው ሰው ደግሞ ኢፍጣሩ ነው ፈተናው። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) በተምር፣ ካልተገኘም በውሃ ያፈጥሩ እንደነበር ተዘግቧል። አንድ ትንሽ ተምር 5 ግራም ያህል ስኳር አለው፤ አንድ ወይም ሦስት ይበቃል። እኛ ግን ተምሩን በዘጠኝ፣ ሳምቡሳውን በአምስት፣ ጭማቂውን በስኳር አድርገን መግሪብን ለመስገድ ወገባችን አይታጠፍም። የአጃ ሾርባው መልካም ነው፤ በላዩ ላይ ምስር ቢጨመርበት ደግሞ ይበልጣል። ሁለት ሳምቡሳ ከምስር ጋር ተቀምጦ፣ ሰላት ተሰግዶ፣ ከዚያ በኋላ ጎመንና ሥጋ ወይም ዓሣ በግማሽ እንጀራ። ሱሑርን አለመዝለል። ሱሑር ላይ ነጭ ሩዝ የበላ ሰው ረፋዱ ላይ ይራባል፤ ባቄላ ወይም እንቁላል ከገብስ ቂጣ ጋር የበላ ሰው እስከ ዐስር ይዘልቃል። ሆድን ለምግብ፣ ለመጠጥና ለትንፋሽ በሦስት ስለመክፈል የተላለፈውን የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ምክር ሁላችን እናውቀዋለን፤ በረመዳን ማታ ግን ትንፋሹን ለሳምቡሳ እንሰጠዋለን።

መድኃኒት የምትወስዱ ወገኖቻችን አንድ ማስጠንቀቂያ ያዙ። ዛሬ የነገርናችሁን ሰምታችሁ ነገ ጠዋት እንጀራውን በድንገት ግማሽ ብታደርጉና ኢንሱሊኑን ወይም ግሊቤንክላማይዱን እንደነበረ ብትወስዱ ስኳራችሁ ሊወርድ ይችላል። ምግባችሁን ልትቀይሩ ስትሉ ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ መጠኑን ያስተካክልላችኋል።

የቤተሰብም ጉዳይ አለ። ለታማሚው ብቻ ለይቶ ማብሰል አይዘልቅም። እሱ ምስሩን ይዞ ሌላው ሩዝና ለስላሳ ሲበላ፣ ልቡ ይሰበራል ወይም ተደብቆ ይበላል። ለስኳር ሕመምተኛ የሚበጀው ምግብ ለጤነኛውም ለልጆቹም የሚበጅ ነውና ማዕዱ አንድ ይሁን። ዘመድ ቤት ስንሄድ ደግሞ «በአላህ ብላ! በሞቴ!» የሚለው ግፊያ አለ። እንግዳ ማክበር ሱና ነው፤ በአላህ ስም አምሎ ታማሚን ማስጎረስ ግን ከእንግዳ አክባሪነት አይቆጠርም። አንድ ጊዜ ያቅርቡ፤ «ይብቃኝ» ሲል ይመኑት። እኛም ለዱዓ በሄድንበት ቤት ሁሉ «አልሐምዱሊላህ፣ ጠገብኩ» ማለትን ከልጅነት ያልለመድነው ስለሆነ አሁን እየተለማመድን ነው፤ አንዳንድ ቤት ይቀየሙናል።

እኚያ እናታችን እንደገና መጥተው ነበር። ንፍሮው ተስማምቷቸዋል፤ ዓሣ ግን «የአጥንቱ ነገር» ብለው አልወደዱትም። ጎመኑን በጓሯቸው ተክለዋል። ወደ ገበያ በባጃጅ መሄዳቸውን ትተው በእግራቸው ይሄዳሉ። የመጡት ግን ስለ ምግቡ ሊጠይቁን አልነበረም። ውዱእ ሲያደርጉ በእግራቸው ጣቶች መካከል ቁስል አይተው፣ አያምም ብለው ትተውት ሰንብተዋል። የዚያኑ ዕለት ወደ ሐኪም ላክናቸው፤ በስኳር ሕመምተኛ እግር ላይ የማያም ቁስል ከሚያመው የከፋ ነውና። በሚቀጥለው ፕሮግራማችን ስለ እግር እንክብካቤና ስለ ውዱእ፣ በተለይም ለብ ያለ ውሃን በእግር ሳይሆን በክንድ ስለ መለካት፣ ጣቶችን ስለ ማድረቅና በባዶ እግር ስላለመሄድ ኢንሻአላህ እንነጋገራለን።